ወይዘሪት አይቻልምና ባለቤት ያጣው ፊልም

በቴሌቪዥን ጣቢያው ውስጥ ትክክለኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢኖር ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ፣ ከጥበቃው እስከ ዜና አንባቢው፣ «ወይዘሪት አይቻልም» ይላታል። አንድ ቀን የጽዳት ሠራተኛዋ ከአፏ አምልጧት «ወይዘሪት አይቻልም፣ ቢሮዎን ልጥረገው?» ብትላት፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል «አሁን አይቻልም፤ ትንሽ ቆይተሽ ነዪ» አለቻት ይባላል። እውነት ይሁን የምሳ ሰዓት ፈጠራ አይታወቅም፤ ያመነው ሰው ግን ብዙ ነው።

ሥራዋ የቅጂ መብት ነበር። ጣቢያው የሚያስተላልፈው ዘፈን፣ ሥዕልና ፊልም የማን እንደሆነ፣ ማን እንደፈቀደው፣ ካልተፈቀደም ማን ሊከስ እንደሚችል ማወቅ የእሷ ድርሻ ነው። ቢሮዋ በኬብል መጋዘኑና በመጸዳጃ ቤቱ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነበረች። ወደዚያ የሚመጣ ሰው ወይ ኬብል ፈልጎ ነው፣ ወይ ተቻኩሎ ነው፤ እሷን ብሎ የሚመጣ የለም።

የልጆች ፕሮግራም አዘጋጅዋ አንድ የታወቀ መዝሙር ልታስዘምር ስትል፣ አይቻልም። ከአየር ጠባይ ዘገባው ጀርባ የምትሰማው ፒያኖ፣ አይቻልም። ከዜና አንባቢው ኋላ የተሰቀለው የባሕር ሥዕል፣ «ሠዓሊው በሕይወት አለ፣ አልጠየቅነውም፣ ይውረድ» አለች፤ ወረደ። ሥዕሉ ተሰቅሎበት የነበረው ግድግዳ ፀሐይና አቧራ ስላልነካው ነጣ ብሎ ቀረና፣ ዜና አንባቢው ለብዙ ጊዜ ያንን ነጭ አራት ማዕዘን እንደ ዘውድ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ዜና ሲያነብ ከረመ።

ክፉ ሰው ሆና አይደለም። እሷ ከመቀጠሯ በፊት ጣቢያው በአንድ ዘፈን ምክንያት ፍርድ ቤት ቆሞ፣ የያኔው ሥራ አስኪያጅ ወንበሩን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ክስ የሚባል ነገር በበሩ አልዞረም። ነገር ግን ሳይመጣ ስለቀረ ክስ ማን ያመሰግናል? ሰዉ የሚያስታውሰው የተከለከለውን ብቻ ነው።

ቤቷም ውስጥ ቢሆን ያው ናት። የምትኖረው ከእናቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ነው። እህቷ የቤታቸውን የፊት ክፍል ፀጉር ቤት አድርጋዋለች፤ መስታወት፣ ሁለት የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን። ሬዲዮም ነበራት፤ ግን ወይዘሪት አይቻልም «ለደንበኛ ዘፈን ማሰማት ለሕዝብ እንደማሰማት ነው» ብላ አስነቅላዋለች።

«እትዬ፣ ደንበኞቼ ካስክ ውስጥ ተቀምጠው እርስ በርስ ሲፋጠጡ ይውላሉ እኮ!» ትላታለች እህቷ።

«ይጫወቱ።»

«ካስኩ እየጮኸ በምን ጆሯቸው?»

እናትየው ደግሞ ከጓዳ ሆነው «እኔስ ሳንጎራጉር ማንን ነው የማስፈቅደው?» ይላሉ።

«ቤት ውስጥ ከሆነ ችግር የለውም እማዬ። ብቻ በሩን ዝጊው።»

ትዳር አልያዘችም። በወጣትነቷ አንድ የባንክ ሠራተኛ ይመላለስ ነበር፤ መልከ መልካም፣ ጨዋ፣ እናቷም የወደዱት። አንድ ቀን ግጥም ጽፎ አመጣላት። አነበበችው፤ ደስ አላት፤ ደስታዋን ግን ለብቻው መተው አልሆነላትምና «ቆንጆ ነው። ራስህ ነህ የጻፍከው?» አለችው። ሰውዬው ከአንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። ከዚያ በኋላ ባንኩ ሌላ ከተማ አዛወረው ተባለ። ራሱ ለምኖ ነው የተዛወረው የሚሉም አሉ።

እንዲህ ስትኖር አምሳ ዓመት ሊሞላት ሲል ነው የባርኔጣዋ ጉዳይ የመጣው።

ሥራ አስኪያጁ ከእሷ በዕድሜ የሚያንስ፣ ሽቶው ከእሱ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሰው ነበር። ውጭ አገር ለአጭር ሥልጠና ሄዶ «ይዘት» የምትል ቃል ይዞ ተመልሷል፤ ከዚያ ወዲህ ፕሮግራም የለም፣ ዜና የለም፣ ሁሉም ይዘት ነው። ያን ሰሞን ደግሞ አዲስ ሐሳብ መጣለት፤ በየእሑዱ ከሰዓት በኋላ የጥንት የሆሊውድ ፊልም ማሳየት። መጋዘን ሲጸዳ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ተገኝቷል። መቼና ማን እንዳመጣው አይታወቅም። ታሪኩ ባርኔጣ የምትሰፋ ደኻ ሴት በስህተት የሀብታም ሚስት ተብላ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ስለምትገባበት ነገር ነው። ርዕሱ ረጅም ስለሆነ ጣቢያው ውስጥ ሁሉም «ባርኔጣዋ» አላት።

ሥራ አስኪያጁ አስጠራትና በፈገግታ ተቀበላት። ፈገግ ሲል «እህቴ» ይላታል።

«እህቴ፣ ይቺ ፊልም ነጻ ናት። ተዋናዮቹ ሞተዋል። ዳይሬክተሩ ሞቷል። ፈረሱ ሳይቀር ሞቷል።»

«ፈረስ አለው እንዴ ፊልሙ?»

«የድሮ ፊልም አይደል? ይኖረዋል እንጂ!»

«መብቱ ከሰው ጋር አይቀበርም እኮ» አለች።

«ታዲያ ማን ሊከሰን ነው? ሬሳ?»

«ወራሽ። ወይም ኩባንያ። ኩባንያ ደግሞ ቶሎ አይሞትም፤ ይሸጣል እንጂ።»

ሥራ አስኪያጁ ፈገግታውን ሰበሰበ። «እንግዲያው ነጻ መሆኗን ያረጋግጡልኝ።»

«መሆን አለመሆኗን ላጣራ ማለትዎ ነው?»

«አይደለም። መሆኗን። ማስታወቂያው ከትናንት ጀምሮ እየተላለፈ ነው።»

እውነቱን ነው። ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ በተሰቀለው ቴሌቪዥን የፊልሟ ሴትዮ ባርኔጣዋን ዘንበል አድርጋ ስትታይ፣ ከሥሯ «በቅርብ ቀን!» ይላል።

ወይዘሪት አይቻልም ወደ ቢሮዋ ገብታ ሥራዋን ጀመረች። ፊልሙን የሠራው ስቱዲዮ ከተዘጋ ቆይቷል። የዘጋው ኩባንያ ለሌላ ተሸጧል፤ ያ ሌላው ደግሞ ዛሬ በዋናነት ማቀዝቀዣ የሚሠራ ድርጅት ሆኖ ተገኘ፤ የድሮ ፊልሞቹን ለሦስተኛ ድርጅት ሸጧል የሚል ወሬም አለ። ለሁሉም በየተራ ጻፈች። የመጀመሪያው «ስለ ጽሑፍዎ እናመሰግናለን» ብሎ ዝም አለ። በፈረንጅ አፍ ስስ ላስቲክም «ፊልም» ይባላልና፣ ማቀዝቀዣ ሠሪው የምግብ መሸፈኛ ላስቲክ ዋጋ ላከላት። ሦስተኛው፣ ጠበቆች የሞሉበት ድርጅት፣ ረጅም መልስ ሰጠ። ረጅሙ መልስ ሲጨመቅ እንዲህ ነበር፦ የእኛ መሆኑን አናውቅም፤ የእኛ ከሆነ ግን እንዳትነኩት።

ሌላ ሰው ቢሆን ይህንን ይዞ «አይቻልም» ብሎ ይገላገል ነበር። እሷም ልትል እስክሪብቶ አንስታ ነበር። ግን «የእኛ ከሆነ» የምትለዋ ነገር ከነከነቻት። ስንት ዓመት ሙሉ ሰውን ስትከለክል የኖረችው በባለቤት ስም ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ባለቤት ልሁን አልሁን አላውቅም ሲል ሰምታ አታውቅም።

አንድ የምታውቀው ነገር ነበር። ያ ፊልም በተሠራበት ዘመን፣ በተሠራበት አገር ሕግ፣ አንድ ሥራ ለሕዝብ ሲወጣ የመብት ምልክት ሊኖረው ግድ ነበር፤ በክብ ውስጥ የተቀመጠች አንዲት ፊደል ወይም «የቅጂ መብት» የሚል ቃል፣ ዓመቱና የባለቤቱ ስም። ምልክቱን ሳያደርግ ፊልሙን ለዓለም የበተነ ሰው መብቱንም አብሮ በተነው ማለት ነው። ዛሬ እንዲህ አይሠራም፤ ያኔ ግን ሕጉ ጨካኝ ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፊልሙን ቅጂ ይዛ ቤቷ ገባችና ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ ትልቁ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጠች። እናቷ ፊልም መታየቱን ሲሰሙ ነጠላቸውን አጣፍተው አጠገቧ ተሰየሙ። እህቷ ቢጎዲን እየለቀመች ከኋላ ቆመች።

ሙዚቃው ተነሣ፤ ጽሑፍ መጣ። ወይዘሪት አይቻልም አቆመችው። አፍንጫዋ የቴሌቪዥኑን መስታወት እስኪነካ ተጠግታ አየች። አንድ እርምጃ ወደፊት ለቀቀችው፤ አቆመችው።

«ሴትዮዋ መቼ ነው የምትመጣው?» አሉ እናትየው።

«ቆይ እማዬ፣ ስሞቹን እያየሁ ነው።»

«ስም ስታዪ ዕድሜዬ አለቀ እኮ! ልቀቂው እስቲ!»

የስቱዲዮው አርማ አለ። የዋናዋ ተዋናይት ስም አለ፣ ያውም ግድግዳ በሚያህል ፊደል። የልብስ ሰፊው፣ የመብራት ሠራተኛው፣ የዳይሬክተሩ ስም አለ። በክብ ውስጥ ያለችው ፊደል የለችም። ቃሉም የለም፣ ዓመቱም የለም። ምናልባት መጨረሻ ላይ ይሆናል ብላ ፊልሙን ለቀቀችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ። በሥራዋ ዘመን ፊልም ያላየችበት ቀን የለም፤ ያየችው ግን ሁልጊዜ ዳር ዳሩን ነው፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሥዕል፣ ከሩቅ የሚሰማ ዘፈን፣ ጠርሙስ ላይ ያለ የፋብሪካ ምልክት። ያን ቀን መጨረሻውን መጠበቅ ግዴታ ስለሆነባት መሐሉን አየችው። ባርኔጣ ሰፊዋ የሆቴሉ እራት ላይ የምግብ ዝርዝሩን ማንበብ አቅቷት የጎረቤቷን ሰሃን እየጠቆመች ስታዝ፣ ወይዘሪት አይቻልም ሳታስበው ሳቀች። እህቷ ቢጎዲኗን ይዛ ደርቃ ቀረች፤ እትዬዋ ስትስቅ ጥርሷ ይህን ያህል እንደሚያምር ረስታው ነበር።

መጨረሻውም መጣ። «ተፈጸመ» ይላል። ሌላ ነገር የለም።

የእነሱ ቅጂ ተቆርጦ ይሆናል ብላ እሱንም አላመነችም። ባሕር ማዶ ያለ አንድ የፊልም ማኅደር ቤት ደወለች። ያነሣችው ሴት ጉንፋን የያዛት፣ ከሁለት ቃል አንዱን የምታስነጥሰው፣ ግን ጥያቄውን ስትሰማ ድምፅዋ የበራ ሰው ነበረች። ፊልሙ መጀመሪያ ሲኒማ ቤት የታየበት ጥቅል እነሱ ዘንድ ነው። «ልየውና ልደውልልሽ» አለች። ደወለችም።

«የለም» አለች፤ አስነጠሰች። «እዚህ ቤት የቆዩ ሰዎች ሲያወሩ እሰማ ነበር። ተዋናይቷ ስሜ አንሷል ብላ አኩርፋ ቤቷ ገባች። ስሟን ለማስፋት ገጹን እንደገና ሲሠሩት የመብቱ ምልክት ቦታ አጣ። ወሬው እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ጥቅሉ ላይ ግን ምልክቱ የለም። ባዶ ነው።»

ወይዘሪት አይቻልም የቀረውንም አጣራች። ታሪኩ ከመጽሐፍ የተወሰደ አይደለም፤ የስቱዲዮው ተቀጣሪዎች ለፊልሙ ብለው የጻፉት ነው። ሙዚቃውም እንደዚያው። የራሷ አገር ሕግ ደግሞ በተሠራበት አገር ነጻ የሆነውን እዚህ አላስርም ይላል። በየትም በኩል ብትዞር መንገዱ ክፍት ነው። የማኅደሯ ሴት ደስ ብሏት ጥርት ያለ ቅጂ በስሟ ላከችላት። ባርኔጣዋ የማንም አልነበረችም፤ የሁሉም ነበረች።

በማግስቱ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ስትሄድ ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ነው የወጣችው። ስንት ዓመት በአፏ ያልዞረ ቃል ይዛለች።

«ይቻላል» አለችው።

ሥራ አስኪያጁ ከስልኩ ቀና አለ። «ምን አሉ?»

«ይቻላል። ፊልሙ ነጻ ነው።»

ደስ ይለዋል ብላ ነበር። ሰውዬው ግን ወንበሩን ወደኋላ ገፋ አድርጎ በጥርጣሬ አያት። አይቻልም ብትለው ኖሮ ይቆጣ ነበር፤ ቁጣውን አዘጋጅቶ ነው የጠበቃት። ከእሷ አፍ «ይቻላል» ሲሰማ ግን ፈራ።

«ማን ፈቀደ?»

«ማንም። የሚፈቅድ የለም።»

«ማን ፈረመ?»

«የሚፈርም የለም። ባለቤት የለውም እኮ ነው የምልዎት።»

«ባለቤት የሌለው ነገር እንዴት ይታመናል?» አለና ኮሚቴ ጠራ።

ኮሚቴው ሥራ አስኪያጁ ራሱ፣ የፋይናንስ ኃላፊውና የፕሮግራም ኃላፊዋ ናቸው። ወይዘሪት አይቻልም ስለ ምልክቱ፣ ስለ ተዋናይቷ ኩርፊያና ስለ ጥቅሉ አስረዳች። ሦስቱም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሟት። ስትጨርስ የፋይናንስ ኃላፊው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ገብቶኛል። እንግዲህ የሚቀረው ባለቤት እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ ከባለቤቱ ማምጣት ነው።»

«ከማን?»

«ከባለቤቱ።»

«የለም እያልኩዎት!»

«እኮ፣ አለመኖሩን ይግለጽልን።»

የፕሮግራም ኃላፊዋ ሳቋን በእጇ አፍና «ባለቤት የሌላት ሴት ባለቤት የሌለው ፊልም አገኘች» ብላ ለጎረቤቷ ሹክ አለች። ሹክታው ክፍሉን ሞላው። ወይዘሪት አይቻልም ሰማች፤ ፊቷን አላጠቆረችም፤ ግን ያን ጊዜ የያዘችው ወረቀት በእጇ ውስጥ ተጨማደደ።

የሆነው ሆኖ ታዝዛለችና መብት ወደሚመዘገብበት መሥሪያ ቤት ሄደች። በመስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ጉዳዩን በትዕግሥት አዳመጣት።

«እኛ ባለቤት ያለውን ነው የምንመዘግበው» አላት። «ባለቤት የሌለውን ማን ብለን እንመዝግበው?»

«ባለቤት የለውም ብላችሁ።»

«እንዲህ የሚል ማኅተም የለንም።» ትንሽ አሰበና አዘነላት። «ለምን አንቺው በስምሽ አታስመዘግቢውም? ከዚያ ለራስሽ ፈቃድ ትሰጫለሽ።»

እሷ አመስግና ወጣች። መንገድ ላይ ቆማ ስቃ ስቃ እንባዋ መጣ፤ የሚያልፉ ሰዎች የሞተባት መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡላት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ማስታወቂያው አልቆመም፤ እሑዱ ቀረበ። ሥራ አስኪያጁ ላብ ላብ ሲለው ነው ባለካፖርቱ ብቅ ያለው።

ባለካፖርቱ በሙቀትም በብርድም ጥቁር ካፖርት የሚለብስ፣ የፊልም ወኪል ነኝ ባይ ነበር። የባርኔጣዋ ሕጋዊ ወኪል እሱ መሆኑን በኮሚቴው ፊት አስታወቀና አንድ ወረቀት ዘረጋ። ወረቀት ቢሉ ወረቀት ነው! ዳር ዳሩ በወርቅ ቀለም የተጌጠ፣ ታች ቀይ ሪባን የተንጠለጠለበት፣ ሦስት ዓይነት ማኅተም ያረፈበት። የፋይናንስ ኃላፊው ልቡ ቅቤ ጠጣ። በጣቱ ማኅተሙን ዳሰሰው።

«ይኸውልዎ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ወይዘሪት አይቻልም ዞሮ። «ባለቤት አለው።»

እሷ ወረቀቱን አነበበችው። ማን ለማን እንደሸጠ አይልም፤ መቼ እንደሆነ አይልም፤ የፊልሙ ርዕስ ራሱ ተሳስቶ ነው የተጻፈው።

«ጌታዬ፣» አለችው በትሕትና፣ «ፊልሙን አይተውታል?»

«እንዴ! ስንቴ!»

«ስለምንድን ነው?»

ባለካፖርቱ አልተደናገጠም። «ስለ ጦርነት ነዋ። ፍቅርም አለበት።»

የፕሮግራም ኃላፊዋ ጣሪያውን አየች። የፋይናንስ ኃላፊው ሪባኑን አስተካከለ። ሥራ አስኪያጁ «የሥነ ጥበብ ዝርዝር ውስጥ አንግባ» አለና ውሉን እንድታረቅቅ አዘዛት።

«አላረቅቅም» አለች።

«ምን?»

«ይህ ሰው የሌለውን ሊሸጥልን ነው። በሕይወቴ በባለቤት ስም ብዙ ሰው አስቀይሜያለሁ። ለውሸተኛ ባለቤት ግን እስክሪብቶዬን አላነሣም።»

ውሉን የፕሮግራም ኃላፊዋ ከሌላ ውል ገልብጣ ጻፈችው። ወይዘሪት አይቻልም ደግሞ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ወደ ምድር ቤት፣ ወደ ማኅደር ክፍል ተዛወረች። አሮጌ ካሴት አቧራውን እየጠረገች መደርደር ነው ሥራው። ሲዛወሩ ማልቀስ የተለመደ ነው፤ እሷ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ መጸዳጃ ቤት አጠገቧ አለመኖሩን አይታ ተነፈሰች።

እሑድ ደረሰ። እናቷ ለሰፈሩ ሴት ሁሉ «ልጄ ያገኘችው ፊልም ነው» ብለው ተናግረው ስለነበር፣ ፀጉር ቤቱ ከሰዓት በኋላ ሞላ። ካስክ ስር ያሉት ሳይቀሩ አንገታቸውን አስግገው ይጠብቃሉ። ወይዘሪት አይቻልም መዛወሯንም ሆነ ስለ ባለካፖርቱ ለቤተሰቧ አልነገረችም ነበር፤ ጥግ ላይ ኩርሲ ላይ ቁጭ ብላለች።

የጣቢያው አርማ ወጣ፤ «የእሑድ ክላሲክ» አለ። ከዚያ ታንክ መጣ።

«ይቺ ናት ሴትዮዋ?» አሉ እናትየው።

ሌላ ታንክ መጣ። ድልድይ ፈነዳ። ወታደር እየጮኸ ወደ ጭቃ ወደቀ። በውሉ መሠረት ጣቢያው የሚያሳየው ባለካፖርቱ በማኅተም ያስረከበውን ቅጂ ነው፤ ባለካፖርቱ ያስረከበው ደግሞ ያለውን ነው። በማያው ጥግ ላይ የካፖርቱ ባለቤት ስልክ ቁጥር ተለጥፏል።

«እኔ ጦርነት ለማየት አልመጣሁም» አለች ቢጎዲን የተጠቀለለላት አንዲት ጎረቤት፤ ልትነሣም ቃጣት።

እናትየው ተዋረዱ። ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሄደ። ወይዘሪት አይቻልም ከኩርሲዋ ተነሣች፣ ጓዳ ገባች፣ የማኅደሯ ሴት የላከችላትን ቅጂ ይዛ ወጣች። ታንኩን አጠፋችው።

እህቷ እጇን ያዘቻት። «እትዬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት? ለሕዝብ ማሳየት አይደለም?»

«ነው።»

«ይቻላል?»

«ይቻላል» አለችና ማጫወቻውን ተጫነችው።

እንዴት እንደሳቁ ለመናገር ያስቸግራል። ፊደል ያልቆጠሩትም፣ ቋንቋውን የማያውቁትም ሳቁ፤ የማይገባቸውን እሷ ቆማ እየተረጎመችላቸው፤ ስትተረጉም ድምፅዋን እንደ ባርኔጣ ሰፊዋ ታቀጥነዋለች፣ እንደ ሆቴሉ አዛዥ ታወፍረዋለች። እናቷ በመሐል «ከየት አመጣችው ይሄን?» እያሉ ለጎረቤታቸው ሹክ ይላሉ፤ ስለ ፊልሙ አይደለም።

ጣቢያው በኩል ስልክ ሲጮህ ዋለ። «ባርኔጣዋ የት ሄደች?» ለሚሉት የፕሮግራም ኃላፊዋ «በሁለተኛው ክፍል ትመጣለች» ስትል ነበር አሉ። ነገር ግን ወንዶች ታንኩን ወደዱት። የተመልካች ቁጥር ጨመረ፤ ሥራ አስኪያጁ ስለ «ደፋር የይዘት ምርጫው» ተመስግኖ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ከፍ ብሎ ሄደ። የፋይናንስ ኃላፊው ባለሪባኑን ወረቀት በመስታወት አስቀርጾ ግድግዳው ላይ ሰቀለው።

ወይዘሪት አይቻልም ምድር ቤቷ ቀረች። ባዶ ጊዜዋን ግን የማንም ያልሆኑ ፊልሞችን ስታጣራ ታሳልፍ ጀመር፤ ነጻ መሆኑን ያረጋገጠችውን እሑድ እሑድ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ታሳያለች። ፀጉሩን ሊሠራ የሚመጣውና ፊልም ሊያይ የሚመጣው ተደባለቀ፤ አንድ ራሰ በራ ሽማግሌ ሳይቀሩ ተራ ይዘው ይቀመጣሉ።

በአንዱ እሑድ ባርኔጣዋ በጥያቄ ብዛት እንደገና እየታየች ሳለ በሩ ተከፈተና ባለካፖርቱ ገባ። «በውክልና የያዝኩትን ፊልም ያለ ፈቃዴ እያሳያችሁ ነው ተብሎ ተነግሮኛል» ብሎ ጀመረ።

«ልጄ፣ ጋረድከን እኮ» አሉት እናትየው። «ወይ ግባ ወይ ውጣ።»

ሃያ ያህል ሴት በአንድ ጊዜ ዞሮ አየው። ባለካፖርቱ ወዲያ ወዲህ አለና ባዶ የነበረው አንድ ካስክ ስር ብቻ ስለነበር እዚያ ተቀመጠ። መጀመሪያ ሰዓቱን ያያል። ቀጥሎ የምግብ ዝርዝሩ ጋ ሲደረስ ፈገግ አለ። ባርኔጣ ሰፊዋ ማንነቷ ታውቆ ከሆቴሉ በጓሮ በር ስትወጣ ካፖርቱን አወለቀ፤ ሙቀት ነው እንዳይባል መስኮቱ ክፍት ነበር። ሲያልቅ ሁሉም ተነሣ፤ እሱ አልተነሣም።

«መጀመሪያው አመለጠኝ» አላት ወይዘሪት አይቻልምን። «እንዴት ነው ሆቴሉ የገባችው?»

ነገረችው። በጥሞና ሰማት። ከዚያ ዙሪያውን ተመልክቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እመቤቴ፣ እንዲህ ባለቤት የሌለው… ሌላም አለ?»

«ብዙ አለ።»

ባለካፖርቱ እስክሪብቶ አወጣ። እሷም ኩርሲዋን ሳበችና፣ እህቷ መሬቱን እየጠረገች እግራችሁን አንሡ ስትላቸው ሁለቱም እግራቸውን አንሥተው፣ ከመጀመሪያው ፊልም ጀምራ ታስረዳው ጀመር። ዳግመኛ ባለሪባን ወረቀት ይዞ እንዳይመጣ ግን አስጠነቀቀችው።